ዘፈኑን ወሰዱት፤ ስደተኛውን ተራራ ላይ ትተውት ሄዱ

የምጽፈው ከኢስሊ ነው። ረዘም ያለ ጽሑፍ ስለሆነ ጊዜ ያላችሁ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። ግማሹን አንብባችሁ ኮሜንት ላይ አትሳደቡኝ፤ ጨርሳችሁ ተሳደቡ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ሙዚቃዊ ቴአትር ነው። «መምህሩ ስለ ኤሊየን ካርድና ስለ ዩኤን ሰልፍ መጻፍ ሰልችቶት ወደ መዝናኛ ዞረ» የምትሉ አትጠፉም። ታገሡኝ። መጨረሻ ላይ የምንገናኘው እዚያው ሰልፍ ላይ ነው።

«ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ»ን አይታችሁት የማታውቁ እንኳ ታውቁታላችሁ። አረንጓዴ ኮረብታ ላይ እጆቿን ዘርግታ የምትሽከረከር ሴት አለች አይደል? እሷ ነች። ልጆች «ዶ ሬ ሚ» እያሉ ኖታ የሚማሩበት ዘፈን አለ አይደል? ከዚያ ነው። ቴአትሩ ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1959 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው)። ሙዚቃው የሪቻርድ ሮጀርስ፣ ግጥሙ የኦስካር ሃመርስታይን ነው። 1,443 ጊዜ ታየ። በ1965 ጁሊ አንድሪውስ የተወነችበት ፊልም ሆኖ ወጣና አምስት ኦስካር ወሰደ።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ማሪያ የምትባል፣ ለምንኩስና የምትዘጋጅ ወጣት ሚስቱ የሞተችበት የባሕር ኃይል መኮንን ቤት ሰባት ልጆች ልትይዝ ትሄዳለች። ልጆቹን ዘፈን ታስተምራለች፤ ኋላ አባትየውን ታገባለች። በ1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲጠቀልል አባትየው ለናዚ ባሕር ኃይል እንዲያገለግል ይታዘዛል። እምቢ ይላል። ቤተሰቡ የሙዚቃ ውድድር መድረክ ላይ ይዘፍናል፤ በዚያው ሌሊት ገዳም ውስጥ ይደበቃል፤ ከዚያ በእግሩ ተራራ አቋርጦ ይሰደዳል።

እስቲ እንደገና አንብቡት። ይሄ የስደተኛ ታሪክ ነው። መንግሥት ያዘዘውን አልሠራም ያለ አባት፣ በሌሊት ቤቱን ቆልፎ የወጣ ቤተሰብ፣ ድምፅ እንዳያሰሙ የሚለመኑ ልጆች። ኢስሊ ውስጥ አንዱን ደረጃ ወጥታችሁ የመጀመሪያውን በር ብታንኳኩ የምትሰሙት ታሪክ ነው።

አሁን ደግሞ ይሄ ቴአትር ከዚያ ወዲህ በፊልምና በቴሌቪዥን እንዴት እንደተጠቀሰ እንይ።

በ1991 የወጣው የዲዝኒ ካርቱን «ቢውቲ ኤንድ ዘ ቢስት» ላይ ቤል ኮረብታ ላይ ሮጣ ስትወጣ ካሜራው የሚከተላት ልክ ማሪያን በተከተለበት ሁኔታ ነው። በ2001 የወጣው «ሙላን ሩዥ» ላይ ወጣቱ ገጣሚ ሰዎቹ ሁሉ ስንኝ ጠፍቷቸው ሲጨነቁ የዚህን ቴአትር የመክፈቻ ስንኝ እንደ አዲስ ፈጠራ ያወጣዋል። ቀልዱ የሚሠራው ተመልካቹ ሁሉ ስንኙን ስለሚያውቀው ነው። በዲሴምበር 2013 የአሜሪካው ኤንቢሲ ቴአትሩን በኬሪ አንደርውድ መሪ ተዋናይነት በቀጥታ ሲያስተላልፍ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። በ2015 ፊልሙ 50 ዓመት ሲሞላው ሌዲ ጋጋ ኦስካር መድረክ ላይ ዘፈኖቹን አዜመች፤ አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። በ2019 አሪያና ግራንዴ ማሪያ በፊልሙ መብረቅ የፈሩትን ልጆች የምታረጋጋበትን ዘፈን ዜማ ወስዳ «ሰቨን ሪንግስ» ብላ ሠራችው። ስለ ምን? ስለ አልማዝ ቀለበትና ስለ ሸመታ።

ኮረብታው አለ። ዜማው አለ። ቀሚሱ፣ መነኮሳቱ፣ ተሰልፈው የሚዘፍኑት ልጆች አሉ። ድንበሩ የለም። ለአባትየው የመጣው ትእዛዝ የለም። ገዳሙ ውስጥ በባትሪ የሚፈልጓቸው ወታደሮች የሉም። ሰዎቹ ለምን ከቤታቸው እንደወጡ የሚናገር አንድ ነገር የለም።

የኔ ክርክር ይሄ ነው። ዓለም ከስደተኛ ታሪክ ውስጥ ዘፈኑን ነቅሶ አውጥቶ ስደቱን ጥሎታል። ይሄ ደግሞ የፊልም አዋቂዎች ጨዋታ ሆኖ አይቀርም። ሰው ስልሳ ዓመት ሙሉ የሚዘፍን፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ ምንም የማይጠይቅ ስደተኛ እያየ ካደገ፣ ወረቀት ይዞ መስኮት ላይ የቆመውን ስደተኛ ሲያይ አያውቀውም። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይላል።

ፊልሙን ለተማሪዎቼ አሳይቻቸዋለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ታሪክና እንግሊዝኛ ነው የማስተምረው፤ ስለ 1938 አውሮፓ ስንማር ለሁለት ከሰዓት ከፋፍዬ አሳየኋቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ዶ ሬ ሚ ላይ አብረው ዘፈኑ። ገዳሙ ላይ ዝም አሉ። እዚያ ክፍል ውስጥ በሌሊት ተደብቆ የማያውቅ ልጅ ጥቂት ነው። ቤተሰቡ ተራራውን እየወጣ፣ ሙዚቃው ከፍ እያለ ፊልሙ አለቀ። መብራት አበራሁ። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ወረቀት አላቸው?»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ማለቴ፣ ማዶ ሲደርሱ ምን ያሳያሉ?»

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። የሆሊውድ ደራሲዎችና የቴሌቪዥን ቀልደኞች ስልሳ ዓመት ያልጠየቁትን ጥያቄ በአንድ አፍታ ጠየቀችው። ምክንያቱም ፊልሙ የሚያልቀው የሷ ሕይወት የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው።

እንግዲህ ለሷ የመለስኩላትን ለእናንተም ልንገራችሁ። እውነተኛው የቮን ትራፕ ቤተሰብ ተራራ አላቋረጠም። በባቡር ነው የወጡት፣ ወደ ጣሊያን። ከሳልዝበርግ ጀርባ ያለው ተራራ የሚያደርሰው ስዊዘርላንድ ሳይሆን ጀርመን ነው፤ የሂትለር የተራራ መኖሪያም እዚያው አጠገብ ነበር። በባቡር ሊወጡ የቻሉት ለምን መሰላችሁ? አባትየው ጆርጅ የተወለደው ዛራ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተማዋ ለጣሊያን ስለተሰጠች የጣሊያን ዜግነት አገኘ፤ ቤተሰቡም በሱ በኩል። ያዳናቸው ወረቀት ነው። ዘፈን አይደለም።

ከዚያስ? በ1938 መገባደጃ በጎብኚ ቪዛ አሜሪካ ገቡ፤ እየዞሩ እየዘፈኑ ኖሩ። የመጨረሻው ልጅ ፊላደልፊያ ውስጥ ተወለደ። ቪዛው አለቀ። በ1939 አገር ለቀው ወደ ስካንዲኔቪያ ሄዱ። ጦርነቱ ፈነዳ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ተመልሰው ኒውዮርክ ሲደርሱ ማሪያ ለመርማሪው መኮንን ከደስታዋ ብዛት ዳግመኛ ከዚህ አገር መውጣት እንደማትፈልግ ነገረችው። የጎብኚ ቪዛ ይዞ «አልወጣም» ማለት ምን እንደሚያስከትል የኛ ሰው ይነገረው እንዴ? መላው ቤተሰብ ኤሊስ ደሴት ላይ፣ መጤ በሚጣራበት ቦታ፣ ታገደ። ዓለም የሚያዜምላቸው ሰዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር የተነሳ ተያዙ። ተለቀቁ፣ ኖሩ፣ ኋላም ዜግነት ጠየቁ። ግን ኤሊስ ደሴትን በቴአትሩ ውስጥ አታገኙትም። በቀልዶቹ ውስጥማ ጭራሽ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ ይሄ ታሪክ በጓዳ በር እኛ ቤት ይገባልና። ያ የጣሊያን ፓስፖርት ለነሱ በር በሆነበት በ1938፣ የጣሊያን መንግሥት የት ነበር? አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያ ዓመት የት ነበሩ? እንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ፣ ፌርፊልድ በሚባል ቤት ውስጥ ስደተኛ ነበሩ። ሕዝባቸውስ? በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ድንበር ተሻግረው ወደ እንግሊዝ ቅኝ ግዛት ወደ ኬንያ ገብተው ነበር፤ ኢሲዮሎ ላይ ካምፕ ተሠራላቸው፤ ኋላ ወደ ታቬታ ተዛወሩ። ከነሱ መካከል ተመልምለው ተመልሰው ጣሊያንን የተዋጉ አሉ።

ከሞያሌ በአውቶብስ የመጣችሁ ሁሉ ኢሲዮሎን ታውቋታላችሁ። ፖሊስ አውቶብሱ ላይ ወጥቶ «ኪታምቡሊሾ» ሲል ልባችሁ የቀጥ ያለባት ከተማ ናት። ከሰማንያ ዓመት በላይ በፊት አያቶቻችን ስደተኛ ሆነው እዚያው አፈር ላይ ተኝተዋል። ለነሱ ብሮድዌይ ላይ ቴአትር አልተሠራላቸውም። በቴሌቪዥን የሚጠቅሳቸው የለም። እኛ ራሳችን እንኳ «ኢትዮጵያ ስደተኛ ተቀባይ እንጂ ስደተኛ ሆና አታውቅም» እያልን እንፎክራለን።

የተራራው ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። በ1938 ከኦስትሪያ ወደ ስዊዘርላንድ በእውነት በእግራቸው የሄዱ ሰዎች ነበሩ። አይሁዶች ናቸው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ፈረንሳይ ኤቪያን ውስጥ 32 አገሮች ተሰብስበው ስለነሱ መከሩ፤ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በቀር በሩን ወለል አድርጎ የከፈተ አልነበረም። ስዊዘርላንድ ነሐሴ ላይ ድንበሯን ዘጋችባቸው። ማዶ ሲደርሱ ወደ መጡበት ይመለሱ ነበር። ሴንት ጋለን በምትባለው ግዛት ፓውል ግሩኒንገር የሚባል የፖሊስ አዛዥ ነበር። ይህ ሰው ስደተኞቹ ድንበሩ ከመዘጋቱ በፊት የገቡ እንዲመስል ወረቀታቸው ላይ ቀን ወደ ኋላ እየጻፈ ብዙ መቶዎችን፣ አንዳንዶች እንደሚሉት በሺዎች የሚቆጠሩትን አዳነ። በ1939 ከሥራ ተባረረ፤ በ1940 ተፈረደበት። በ1972 በድህነት ሞተ። ፍርዱ የተሻረለት በ1995 ነው፤ ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ።

ስንቶቻችሁ ስሙን ሰምታችኋል? የማሪያን ኮረብታ ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስደተኛ ያዳነው የቢሮ ሰው ብዕር ሆኖ ሳለ ዓለም የሚያስታውሰው ጊታሩን ነው።

«ሁሉንም በአንድ ጆንያ አትክተት» የሚል ይመጣል። ልክ ነው፤ አልከትም። ቴአትሩን ጠቅሰው ስደቱን ያልጣሉ አሉ። በ2000 ካን ላይ ታላቁን ሽልማት የወሰደው የላርስ ፎን ትሪየር ፊልም «ዳንሰር ኢን ዘ ዳርክ» ይሄን ቴአትር መሀል ላይ ያስቀምጠዋል። ቢዮርክ የምትጫወታት ሴልማ ከቼኮዝሎቫኪያ ወደ አሜሪካ የሄደች የፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ ዓይኗ እየጠፋ ነው፤ ማታ ማታ በሰፈሯ የአማተር ቡድን ውስጥ ማሪያን ሆና ትለማመዳለች። ለልጇ የዓይን ሕክምና ያጠራቀመችው ገንዘብ ይሰረቃል፤ ነገሩ በሰው ሞትና በፍርድ ቤት ያልቃል። የማሪያን ዘፈን እስር ቤት ውስጥ፣ ልትሰቀል ቀን እየቆጠረች ታዜመዋለች። ያ መጥቀስ ይባላል። በ2015 የጀመረው «ዘ ማን ኢን ዘ ሃይ ካስል» የሚባለው ተከታታይ ድራማም አለ፤ ናዚዎች ጦርነቱን ቢያሸንፉ ኖሮ እያለ የሚተርክ ነው። የመክፈቻ ዘፈኑ «ኤድልዋይስ» ነው፤ አባትየው አገሩን የሚሰናበትበት ዘፈን። ድራማው ዘፈኑን የወሰደው አገር ስለማጣት ለመናገር ነው። ዘፈኑን ወደ ቤቱ መልሶታል።

ስለዚህ ይቻላል ማለት ነው። የማይቻል ስለሆነ አይደለም የሚተዉት። ስለማይጣፍጥ ነው።

ይሄ ደግሞ የአንድ ቴአትር ዕጣ ብቻ አይደለም። «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ»ን ውሰዱ። በ1964 ብሮድዌይ ላይ ተከፈተ፤ ከ3,200 ጊዜ በላይ ታየ። በሩሲያ ዛር ዘመን ስለነበሩ የአንዲት መንደር አይሁዶች ነው። መጨረሻው ምንድን ነው? በሦስት ቀን መንደሩን ለቃችሁ ውጡ የሚል ትእዛዝ። ንብረታቸውን በርካሽ ሸጠው፣ ጋሪ ጭነው ይበተናሉ። ፊልምና ቴሌቪዥን ከሱ ውስጥ የያዘው ምኑን ነው? «ሚስስ ዳውትፋየር» ላይ ሮቢን ዊሊያምስ ፊቱን እየተቀባ በአማጯ ዘፈን ይቀልዳል። ግዌን ስቴፋኒ በ2004 የድሃውን ወተት ሻጭ ዘፈን ወስዳ ስለ ሀብት አዜመችበት። ልብ በሉ፤ ሁለት የስደት ቴአትሮች፣ ሁለቱም ዘፈናቸው መጨረሻ ላይ የሸመታ ማጀቢያ ሆነ።

እኛም ከዚህ አንሻልም። የኛ ፊልሞች ላይ ውጭ የኖረው ሰው በብዛት የሚገባው ቦሌ ላይ ነው፤ ጥቁር መነጽር፣ ትልቅ ሻንጣ፣ ቀልድ የሆነ አማርኛ። ያ ሰው ቦሌ ላይ እስኪደርስ ስንት ዓመት ካኩማ ተቀመጠ? ስንት ጊዜ ኢንተርቪው ተቀጠረበት? እናቱ ስትሞት የት ነበር? አናሳየውም። እኛም ተራራው ላይ እንቆርጠዋለን።

አሁን ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝን ልንገራችሁ።

ጁን 20 የዓለም የስደተኞች ቀን ነው። በየዓመቱ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነው። ከድርጅቶቹ አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ ዘንድሮ ገና ዓመቱ ሲጀምር ለትምህርት ቤታችን ደብዳቤ ላከ። ለበዓሉ ሃያ ተማሪዎች ይዘጋጁልን ይላል። የባህል ልብስ ይልበሱ። ምን ይዘፍኑ? ከ«ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ዶ ሬ ሚን። እውነቴን ነው። ደብዳቤው ላይ «የስደተኛ ልጆችን ተስፋ የሚያሳይ» ይላል።

ደብዳቤው በደረሰን ሳምንት ከፎርም ፎር ተማሪዎቼ ሦስቱ ለኬ.ሲ.ኤስ.ኢ. ፈተና መመዝገብ አልቻሉም ነበር። ለምዝገባ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ለቁጥሩ የልደት ወረቀት ወይም ሌላ ሰነድ ያስፈልጋል፤ ለሰነዱ ቀጠሮ ያስፈልጋል፤ ቀጠሮው የተሰጣቸው ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ላለ ቀን ነው። አራት ዓመት ተምረው። ከሦስቱ አንዷ ያቺ «ወረቀት አላቸው?» ያለችው ልጅ ናት። የክፍሉ አንደኛ ናት። ድምፅዋም ጥሩ ስለሆነ ለዘፈኑ ከተመረጡት ውስጥ አለች።

ለአስተባባሪዋ ደወልኩ። ትሑት ሴት ናት፤ አልወቅሳትም።

«እህቴ፣ ልጆቹ ይዘፍናሉ» አልኳት። «ከመዝፈናቸው በፊት ግን ከናንተ አንድ ሰው ከነዚህ ሦስት ልጆች ጋር ቢሮ ድረስ ይሂድልኝ። ደብዳቤ ይጻፍላቸው።»

«መምህር፣ እሱ እኮ የኛ ክፍል ሥራ አይደለም» አለችኝ። «እኛ የዝግጅት ክፍል ነን። ደግሞ እርስዎ እንደሚያውቁት በዚያ ቀን እንግዶች አሉ፤ አዎንታዊ መልእክት ነው የምንፈልገው።»

አዎንታዊ መልእክት። ይሄ ቃል ነው ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝ። ልጅቷ ስትዘፍን አዎንታዊ ናት። ፈተና ልመዝገብ ስትል ፖለቲካ ሆነች። አንዲት ልጅ ናት እኮ። ልዩነቱ እሷ ውስጥ አይደለም፤ ተመልካቹ የለመደው ፊልም ውስጥ ነው።

«ዘፈን ግን ልብ ያራራል፤ የራራ ልብ ነው ኋላ የሚረዳህ» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እኔ መምህር ነኝ፤ ማስረጃ ነው የምጠይቀው። ፊልሙ በዓለም ሁሉ የታየው በ1965 ነው። ከዚያ ወዲህ የዘፈነለት አገር ሁሉ አጥሩን ዝቅ አድርጓል? እዚሁ ናይሮቢን እንይ። በአፕሪል 2014 «ኡሳላማ ዋች» በተባለው ዘመቻ ኢስሊ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ታፍሶ ካሳራኒ ስታዲየም ውስጥ ተከማችቶ ተጣራ። ሰው ለጨዋታ የሚገባበት፣ የሚዘፈንበት ስታዲየም ነው። ዘፈን አላዳነንም።

ያዳነን ምንድን ነው? ከዚያ በፊት በዲሴምበር 2012 የከተማ ስደተኛ ሁሉ ወደ ካምፕ ይግባ የሚል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ኪቱዎ ቻ ሼሪያ የተባለው የሕግ ድርጅትና ስደተኞች ራሳቸው ከሰሱ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጁላይ 2013 ትእዛዙን ሻረው። አቤቱታ፣ ጠበቃ፣ ፋይል፣ ቀጠሮ። ፊልም የማይወጣው ነገር። በ2021 የወጣው የስደተኞች ሕግም ስደተኛ በሙያው ሊሠራ እንደሚችል ጽፏል። ያቺ አንቀጽ የመጣችው ሰዎች ዓመታት ስለተሟገቱ ነው። ዛሬም ሥራ ላይ እንድትውል የሚያስፈልጋት ሟጋች ነው።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ልጆች አይዝፈኑ አላልኩም። የኛ ልጆች መዝፈን ይወዳሉ፤ ያምርባቸዋልም። ፊልሙም ግሩም ፊልም ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎቼም ያዩታል። የኔ ጠብ ከዘፈኑ ጋር አይደለም። ዘፈኑን ወስዶ ዘፋኙን ከማያውቅ ሰው ጋር ነው። ስደተኛ መድረክ ላይ ሲወጣ አጨብጭቦ መስኮት ላይ ሲመጣ «ነገ ተመለስ» ከሚለው ጋር ነው።

ስለዚህ የጠየቅሁት ይሄ ነው፤ በጽሑፍም አስገብቼዋለሁ።

አንደኛ፣ ሃያዎቹ ልጆች ዶ ሬ ሚን ይዘፍናሉ። ሲጨርሱ ከመድረክ አይወርዱም። ቤተሰቡ በባቡር እንደወጣ፣ ቪዛው እንዳለቀ፣ ኤሊስ ደሴት ላይ እንደታገዱ አንድ ልጅ በሁለት ደቂቃ ይናገራል። ሌላ ልጅ ስለ ኢሲዮሎ ካምፕ ይናገራል። ይሄ ስድብ አይደለም፤ ታሪክ ነው።

ሁለተኛ፣ የሦስቱ ተማሪዎች ጉዳይ ከበዓሉ በፊት መልስ ያግኝ። ለሃያ ልጆች ቲሸርት ማሳተም የሚችል ድርጅት ለሦስት ልጆች አንድ ደብዳቤ መጻፍ አያቅተውም።

ሦስተኛ፣ እነዚህ ካልሆኑ ሌላ ዘፋኝ ይፈልጉ።

እስካሁን መልስ አልመጣም። ምዝገባው ሊዘጋ የቀረው ጥቂት ቀን ነው።

ከናንተ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ናይሮቢ ውስጥ ለልጁ የልደት ወረቀት ወይም የፈተና ምዝገባ ጨርሶ ያውቃል የምትሉት ወላጅ ካለ፣ የትኛው ቢሮ፣ የትኛው ፎቅ፣ ምን ምን ወረቀት ይዞ እንደሄደ ኢንቦክስ ላይ ይጻፍልኝ። የልጅ ስም ኮሜንት ላይ አትጻፉ። ሕግ የተማራችሁ ደግሞ፣ እዚህም ሆነ ውጭ ያላችሁ፣ አንድ ከሰዓት ስጡኝ፤ ፋይሉ ተዘጋጅቷል።

«አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ለሚል ኮሜንት አስቀድሜ አመሰግናለሁ፤ ያውቃል። መዝገቡን የያዘው ግን የቢሮ ሰው ነው፤ እሱም እንዲያውቅ ሼር አድርጉት።